የማይዝገው ዝጎ መጣ

ሐምሌ 30

እህቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የጥፍር ቤት ከከፈተች ይህ ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ዛሬ ማታ በዝናብ መጣች፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ በነጠላዋ ሸፍና። ክዳኑን ስታነሳው መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው። በረኪና። ከሥሩ ደግሞ ዝገት።

«ወንድም ዓለም፣ አይዝግም ብለው እኮ ነው የሸጡልኝ።»

ጋዜጣ ዘርግተን ቆጠርን። 27 ናቸው። ስድስት የጥፍር ዳር ሥጋ መልቀሚያ፣ አራት የእግር ጥፍር ጉጠት፣ አምስት ተራ ጥፍር መቁረጫ፣ አራት መቀስ፣ አምስት የቆዳ መግፊያ፣ ሦስት ወረንጦ። የገዛቻቸው ባሕር ዳር ነው። ብዙዎቹ ላይ «ስቴይንለስ» (የማይዝግ ብረት) እና «ፓኪስታን» የሚል ተቀርጿል። ይሄ አያስደነግጥም። ፓኪስታን ውስጥ ሲያልኮት የምትባል ከተማ በሕክምና መሣሪያ ሥራ የታወቀች ናት። ሁለቱ መልቀሚያዎች ደግሞ «ዞሊንገን» ይላሉ፤ የጀርመኗ የስለት ከተማ። ዋጋቸውን ስትነግረኝ ግን ጀርመንን የሚያውቋት አልመሰለኝም።

እኔ የምሠራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ መሣሪያ ማጠቢያ ክፍል ነው። ስለዚህ ሥራው ወደ እኔ መምጣቱ አያስገርምም። ጊዜውም ተመቸ። ነገ ፍልሰታ ይገባል። ሠርግ የለም፣ ደንበኛው ይቀንሳል። እስከ ነሐሴ 16 እንጨርሳለን ተባባልን።

«እስኪ ማታ ማታ ምን እንደምታደርጊያቸው ንገሪኝ» አልኳት።

«በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌያቸው ያድራሉ። ጠዋት በድስት ሽቦ እፈትጋቸዋለሁ።»

«በረኪናውን በምን ትለኪዋለሽ?»

«ዓይኔን ሲያቃጥለኝ በቃ እላለሁ።»

ሳቅኩ፤ ከዚያ ደነገጥኩ። እንደሷ መሣሪያዋን በየቀኑ የሚያጸዳ የጥፍር ቤት ብዙ አላየሁም። ያዛገቻቸው እየተጋች ነው።

ነሐሴ 1

መለየት። ወፍራም ጓንት አደረግኩ፤ ደም ነክቶ ሊሆን የሚችልን ስለት በባዶ እጅ አልነካም። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ዕቃ ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል። እህቴን ክትባቱን ወስደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልወሰደችም። ይህም ከሥራዎቹ ዝርዝር ገባ።

ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁት ማግኔት አለኝ። ገበያ ላይ «ማግኔት ከያዘው የውሸት ነው» ይባላል። እህቴም ይህን ሰምታ ስትሞክር ሁሉም እየተጣበቀባት፣ ተታለልኩ ብላ አዝና ነበር። በዚህ እንኳን አልተታለለችም። የማይዝግ ብረት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ትሪና ሳህን የሚሠራበት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። ማግኔት እምብዛም አይይዘውም፤ ዝገትንም በደንብ ይችላል። ግን በእሳት አይጠነክርም፤ ስለት አይዝም። መቀስና ጉጠት የሚሠራው ከሌላው ወገን ነው። ካርቦን ጨመር ተደርጎ፣ ግሎ፣ ተነክሮ የጠነከረ። ይሄኛው ማግኔት ይይዘዋል፤ ስለትም ይይዛል። በምትኩ ከትሪው ቀድሞ ይዝጋል።

እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ ውስጥ ያቀለጠው ብረትም የዚህኛው ወገን ነበር። ሰውየው የሚፈልገው ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር። ያገኘው ለገበታ ቢላዋ ሆነ።

አምስቱ ተራ ጥፍር መቁረጫዎች ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው። ተራ ብረት ናቸው፤ ላያቸው ብቻ የሚያብረቀርቅ ልባጥ ነው። የሦስቱ ልባጥ እንደ አሮጌ ቀለም ተነፍቶ ተልጧል፤ ከሥሩ ዝገቱ በልቶታል። አይድኑም፤ ጣልኳቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው፤ ግን ከሌሎቹ ጋር አብረው አይነከሩም፤ ዝገታቸው ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ለቀሪዎቹ ላጲስ አመጣሁ። የተማሪ ላጲስ። ቡናማውን ቦታ ታሸዋለህ። ከለቀቀና ሥሩ ልሙጥ ከሆነ እድፍ ነው። ከለቀቀ በኋላ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ከቀረች ዝገት ነው። ከ22ቱ ስቴይንለሶችና ከሁለቱ የተለበጡት መካከል 15ቱ እድፍ ብቻ፣ ሰባቱ እጀታቸው ላይ ቀላል ጉድጓድ ያላቸው ሆኑ። ሁለቱ ባሰባቸው። አንዱ መልቀሚያ ከንፈሩ ላይ ተበልቷል። አንዱ መቀስ ደግሞ ማጠፊያው አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለው። ጉድጓድና ስንጥቅ ብሩሽ አይደርስበትም። ብሩሽ ያልደረሰበትን እንፋሎትም ላይደርስበት ይችላል። እነሱም ወጡ። 22 ቀሩ።

ነሐሴ 2

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ጨፈገገ። የተሠራው ሥራ ጥቂት ነው፤ የተወራው ብዙ።

እህቴ አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። በረኪና ያጸዳል፤ ታዲያ እንዴት ያበላሻል? ስቴይንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ቀለም ወይም ልባጥ አይደለም። ውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ያበጃል። ከሰው ፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የቀጠነ ቆዳ ነው። ቢጫር፣ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ እንደገና ራሱ ይሽራል። ጠላቱ ክሎራይድ ነው። በረኪና ውስጥም፣ ጨው ውስጥም፣ ላብ ውስጥም አለ። ቆዳውን አንድ ነጥብ ላይ ይበሳውና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፈዘፍ ለመቆፈሪያ በቂ ጊዜ ሰጠነው ማለት ነው።

የድስት ሽቦው ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ቆዳውን ይቦጭራል፤ በዚያ ላይ የራሱን ብረት ፍርፋሪ ትቶ ይሄዳል። ዝናብ ባየ ቁጥር የሚዝገው ያ ፍርፋሪ ነው። መሣሪያው የሰው ዝገት ተሸክሞ ይወቀሳል።

እኛም ብንሆን ስንሠለጥን የተነገረን ይህንኑ ይመስል ነበር። ያገለገለ መሣሪያ በ0.5 በመቶ ክሎሪን 10 ደቂቃ ይነከር፣ ከዚያ ይታጠብ። 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። 10 ደቂቃዋ ግን ሥራ ሲበዛ ግማሽ ቀን ትሆናለች። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመሣሪያ ማጽጃ መመሪያ፣ ከማጠብ በፊት በክሎሪን መንከሩን አይመክርም። ብረቱን ይበላል፤ ደምና ቆሻሻ ደግሞ ክሎሪኑን ያደክመዋል። መጀመሪያ እጠቡ ነው ነገሩ።

ጎረቤታችን ወሬያችንን ሰምተው «ዳግም አረቄ አፍስሱበት፣ ምንም አይተርፍም» አሉ። አልኮል ለማጽዳት የሚመረጠው 70 በመቶ ሲሆን ነው። የጎጃም አረቄ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያውቀው ያወጣችው ሴትዮ ብቻ ናት፤ እሷም በጉሮሮ ነው የምትለካው። ደግሞም አልኮል ልክ ቢሆንም የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም ዘር አይገድልም።

ነሐሴ 4

መታጠብ። በቀዝቃዛ ውሃ ጀመርን፤ ሙቅ ውሃ ደምን እንደ እንቁላል አርግቶ ብረቱ ላይ ያጣብቀዋል። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና። ኦሞ አልተጠቀምኩም፤ በደንብ ካልሟሟ ቅንጣቱ ማጠፊያ ውስጥ ይሰነቀራል።

መሣሪያው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይገባል። የሚፈተገው ከውሃው ሥር ነው፤ ከውሃ በላይ ከሆነ ብሩሹ ፊት ላይ ይረጫል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ለማጠፊያው ደግሞ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ። ከአንዱ ጉጠት ማጠፊያ የወጣውን ጥቁር ነገር አልገልጸውም፤ ጾም ነው።

የመጨረሻው ማለቅለቂያ ዲስትልድ ውሃ ነው፤ ተንኖ የተጣራ ውሃ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረው ቅርፊት ዓይነት። ዲስትልድ ውሃ ከመኪና ባትሪ ቤት ገዛሁ። እዚያ ስትገዙ ሁለቴ ጠይቁ። ከጎኑ የተደረደረው ጄሪካን አሲድ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አንድ በአንድ ማድረቅ። በዚህ ወር ደብረ ማርቆስ ላይ «ራሱ ይደርቃል» ብሎ ነገር የለም። ልብስ እንኳን ሦስት ቀን ይሰነብታል።

ነሐሴ 6

ሎሚው የእህቴ ሐሳብ ነው፤ እኔም ተቀበልኩት። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ዝገትን ያሟሟል፤ ፋብሪካዎችም የስቴይንለስን ላይ ከብረት ብናኝ ለማጥራት ይጠቀሙበታል። ጨምቀን፣ አጥልለን፣ ሰባቱን ቡናማ ነገር ያለባቸውን ነከርናቸው። 10 ደቂቃ። በብሩሽ ነካ ሳደርገው ዝገቱ ለቀቀ። ወዲያው ታጠበ፣ ደረቀ። እህቴ በኩራት አየችኝ።

ነሐሴ 7

ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ማታ አንድ ግትር የእግር ጉጠት ቀርቶ ነበርና «ትንሽ ይቆይ» ብዬ ሎሚው ውስጥ መለስኩት። መብራት ጠፋ። ሻማ ስፈልግ፣ ከዚያ ስልክ ተደወለ፣ ከዚያ ተኛሁ። ጠዋት ሳወጣው አመድ መስሏል። ዝገቱ ጠፍቷል፤ ብርሃኑም አብሮ። አሲዱ ያንን የጠነከረ ብረት ራሱን መብላት ጀምሮ ነበር።

እህቴ ጉጠቱን አገላብጣ አየችው። «እኔ በበረኪና፣ አንተ በሎሚ» አለች። መልስ አልነበረኝም።

በሶዳ ዱቄትና በውሃ ልቁጥ አሸሁት። ትንሽ ተሻለው። ስለቱ ደህና ስለሆነ አልጣልኩትም፤ ግን «አመዴ» የሚል ስም ወጥቶለታል።

ነሐሴ 9

ማጠፊያዎች። ሁለት ጉጠቶች ሲከፈቱ እንደ ድሮ በር ይጮኻሉ። የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ጣል አድርጌ 50 ጊዜ ያህል ከፈት ዘጋ አደረግኳቸው። ቡናማ ጭማቂ እየወጣ በመጨረሻ ጠራ። ከዚያ ዘይቱን በሳሙና አጥቤ አወጣሁት። ማውጣቱ ግድ ነው። ተራ ዘይት በለበሰ ቦታ እንፋሎት አይገባም፤ ጀርሙ ከዘይቱ ሥር ተሸፍኖ ይተርፋል። ለዘለቄታው የሚቀባው ለሕክምና መሣሪያ የሚሸጠው፣ ከውሃ ጋር የሚዋሃደው ነጭ ፈሳሽ ነው። የምግብ ዘይት ግን በፍጹም። ሰንብቶ እንደ ሙጫ ይሆናል።

ነሐሴ 11

ስለት። እዚህ ላይ በጣም ስለቆየሁ ቀኑ መሸብኝ።

መንገድ ላይ ቢላዋ የሚስል ሰው አለ፤ እጁ ጎበዝ ነው። ግን መልቀሚያን ለሚሽከረከር ድንጋይ መስጠት ልብስ ለመተኮስ ምድጃ ውስጥ እንደ መክተት ነው። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ጫፉም በአንድ ሰከንድ ያልቃል። እኔ ጠፍጣፋ መሳያ ድንጋይና 1000 እና 2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ ከንፈሮቹን ገጥሜ ወደ መስኮት አቀናሁ። ብርሃን የሚያሳልፈው ቦታ አይቆርጥም። ቀጥሎ የስለቱን ተዳፋት በማርከር ጥቁር ቀባሁት። ድንጋዩን አንዴ ሳሳልፍበት ማርከሩ ከየት እንደለቀቀ አያለሁ። ከጫፉ ብቻ ከለቀቀ እጄ ተዛንፏል ማለት ነው፤ አስተካክላለሁ። ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀስ ብሎ፣ አራት አምስት ጊዜ። ከዚያ ያለፈ መሳል ዕድሜውን መብላት ነው።

መፈተኛው ፌስታል ነው። ስስ ፌስታል ዘርግተህ በጫፉ ብቻ ትቆርጣለህ። ከጎተተ ወይም ካኘከ ገና ነው። ለመቀሶቹ ደግሞ እርጥብ ጥጥ። ከአምስቱ መልቀሚያዎች አራቱ አለፉ። አምስተኛው፣ «ዞሊንገን» የሚለው፣ ሦስት ጊዜ ስዬው ፌስታሉን እያኘከ ቀረ።

እህቴ «ስለቱ አልሰመረም» አለች። ለቁልቢ የተሳለች ትመስል ነበር።

ለእግር ብቻ አዋልነው።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ጅራፍ ያስጮኻሉ። ሙልሙል ተበላ። ብረት አልተነካም።

ነሐሴ 14

አሁን ዋናው። እህቴ እስካሁን «አፍልቼዋለሁ» ስትል ጨርሳለች ማለቷ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ነክሬ አሳየኋት። ድስቱ ይንፈቀፈቃል፣ መርፌው 92 ላይ ቆሟል። ባሕር ዳር ወርደን ብናፈላው እንኳን ጥቂት ዲግሪ ይጨምር ይሆናል እንጂ 100 አይሞላም። ቢሞላም፣ 100 ዲግሪም ቢሆን የመንጋጋ ቆልፍን ዘር ለማጥፋት አይታመንም። 121 ዲግሪ እንፋሎት ያስፈልጋል።

አንድ የሚያውቀኝ ሰው በምድጃ ላይ የሚጣድ ያገለገለ አውቶክሌቭ፣ በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ድስት፣ ሸጦልኛል። የግፊት መቁጠሪያው ላይ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ዘንድ አረንጓዴ ምልክት አለ። ቡታጋዝ ላይ ጣድኩ፤ 15 ላይ አቆየሁ፤ 30 ደቂቃ። ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው፣ ሙቀት ሲያይ የሚጠቁረው ቴፕ ጠቁሯል። እህቴ ደስ አላት።

እኔ ግን ማታ ተኝቼ ነገሩ ትዝ አለኝ። ያ 15 የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። የእውነተኛው ባሕር ማለቴ ነው።

ነሐሴ 15

መቁጠሪያው የሚነግርህ በውጭው አየር ላይ ምን ያህል እንደጨመርክ ብቻ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የውጭው አየር ራሱ ቀላል ነው። ስለዚህ 15 ሲል ውስጡ ያለው ሙቀት 117 አካባቢ ነው። የተለመደው ማስተካከያ በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ መጨመር ነው። ለ2,400 ሜትር አራት ይሆናል። 15 ሲደመር 4፣ 19።

አውቶክሌቩ ላይ የተቀረጸውን አየሁ። ማስተንፈሻው የሚከፈተው 24 ላይ ነው፤ ስለዚህ 19 በልኩ ውስጥ ነው። ባይሆን ኖሮ ማስተንፈሻው ላይ ምንም አልጭንም ነበር፤ ወደ ክሊኒኩ ኤሌክትሪክ አውቶክሌቭ ነበር የምወስደው። ቴፑ መጥቆሩስ? ቴፑ ጥቅሉ ሙቀት እንዳየ ይናገራል እንጂ ጀርሙ እንደሞተ አይመሰክርም።

እንደገና ጀመርን። መሣሪያዎቹን አፋቸውን ከፍተን፣ በድርብ አቡጀዲ ጠቀለልን። ጥቅሎቹ እንዳይተፋፈጉ አደረግን። እንፋሎቱ ሰባት ደቂቃ ያህል በነፃ እንዲወጣ ተውኩት፤ ውስጥ የቀረ አየር ሙቀቱን ይከለክላል። ከዚያ ዘጋሁ። 19 ላይ ሲደርስ ሰዓት ያዝኩ። 30 ደቂቃ። ግፊቱ ዜሮ እስኪሆን አልከፈትኩም። ክዳኑን ትንሽ ገርበብ አድርጌ እዚያው በሙቀቱ እንዲደርቁ ተውኳቸው። እርጥብ ጥቅል የተበላሸ ጥቅል ነው፤ ጀርም በእርጥብ ጨርቅ አልፎ ይገባል።

የእንጨት ዘንጎቹንና የወረቀት ሞረዶቹን አልነካኋቸውም። እነሱ ለአንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ይጣላሉ። እህቴ ለዚህ ብዙ ተከራከረች፤ ዋጋቸውን እየደመረች። በመጨረሻ ለደንበኛው ይዞ እንዲሄድ እንስጠው አለች። ከእኔ ሐሳብ የሷ ይሻላል።

ነሐሴ 17

ጾም ተፈታ፤ የጥፍር ቤቱም ተከፈተ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት እናት ናቸው። የእጃቸው መዳፍ ገና እንሶስላው አልለቀቀም። የእግር ጥፍራቸው ወፍሯል፤ በቤት መቀስ አልቆረጥ ብሏቸዋል። እህቴ ጥቅሉን ፊታቸው ላይ ፈታችው።

«ይሄ ሁሉ ለኔ እግር ነው? የሐኪም ዕቃ እኮ ነው የሚመስል!» አሉ።

አመዴ ነበር የቆረጠላቸው። መልኩ አያምርም፤ ግን አንዴ ቀጭ ሲል ጨረሰ።

መስከረም 8

የበዓል ግርግር ካለፈ ላየው ብዬ ጎራ አልኩ። 22ቱም አሉ። በላጲስ ፈተሽኩ፤ 19ኙ ንጹሕ ናቸው። ሦስት መልቀሚያዎች ማጠፊያቸው ላይ ቡናማ ነጥብ አውጥተዋል። ሦስቱም የአንድ ጥቅል ናቸው። ገረመኝ።

ከኋላ ያለውን ማጠቢያ አየሁ። ብሩሹ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ ዲስትልድ ውሃው አለ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ክዳን ያለው ባልዲ አለ። ክዳኑን አነሳሁት። ሽታው ዓይኔን አቃጠለው።

እህቴ በአዲሷ ረዳቷ አመካኘች። ረዳቷ አቀርቅራ ወለሉን አየች። ከዚያ እህቴ ሳቋ አመለጣት።

«ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው፣ ወንድም ዓለም። ሽታው ካልሸተተኝ የታጠበ አይመስለኝም።»

ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። ሎሚም ገዝቼ ተመለስኩ። 10 ደቂቃ፤ በዚህኛው ግን ስልኬን ይዤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።